«የእብድ ሐኪም»፦ በአእምሮ ሐኪሞች ላይ ስለሚጣበቀው ነውርና ስለ ምስባካችን

መስከረም በገባ ቁጥር ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ የሚወስደው መንገድ በሰው ይሞላል። የመስከረም 21ን በዓል ለማክበር ከየአቅጣጫው የሚመጣው ተጓዥ ሐይቅን አልፎ ወደ አምባሰል ይዘልቅና በመስቀል ቅርጽ የተዘረጋውን አምባ ይወጣል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ግማደ መስቀሉን ያሳረፉት በዚሁ አምባ ላይ ነው። በተጓዡ መካከል በሽተኛ ይዘው የሚወጡ ቤተሰቦች አሉ። አንዱ መራመድ የተሳናቸውን አባቱን አዝሏል፤ ሌላዋ ብቻውን የሚያወራና የሚስቅ ወጣት ልጇን እጁን ይዛ ታስከትላለች። አታፍርም። ለሚጠይቃት ሁሉ «ልጄን ይዤ ወደ እመቤቴ ነው» ትላለች፤ መንገደኛውም «ትማርልሽ» ብሎ ያልፋል።

ያቺው እናት ያንኑ ልጅ ይዛ ደሴ ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል የምትሄድ ቀን ግን ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳብ ታደርጋለች። የምታውቀው ሰው ቢያገኛትና ወዴት እንደሆነ ቢጠይቃት «ራሱን አሞት ነው» ብላ ታሳጥራለች።

እኛ ወንጌላውያን ይህን አይተን «እነሱ» ብለን ብናልፍ ራሳችንን እናታልላለን። የእኛም ምእመን ልጁን ወደ ፈውስ ኮንፈረንስ በአደባባይ ያመጣዋል፤ በሺህ ሰው ፊት ሲጮኽና ሲወድቅ እያየ አብሮ ይጸልያል። ወደ ሐኪም የሚወስደው ግን በስውር ነው። ስለ ጠበል ያለን የነገረ መለኮት ልዩነት የዚህ ጽሑፍ ርእስ ስላልሆነ ለሌላ ጊዜ ይቆይ። የምጠይቃችሁ ይህን ነው፦ ጠበል የሚያጠምቁት ካህን፣ እጁን የሚጭነው የእኛ አገልጋይና ሐኪሙ ሦስቱም የሚያገለግሉት አንዱን በሽተኛ ነው። ታዲያ ነውሩ በሐኪሙ ላይ ብቻ የሚጣበቀው ለምንድን ነው?

ነውር ሲጋባ

«ስቲግማ» የሚለው የግሪክ ቃል በጥንቱ ዓለም በባሪያ፣ በወንጀለኛ ወይም ከጦር በከዳ ወታደር ገላ ላይ የሚታተም ምልክት ነበር። በአዲስ ኪዳን የሚገኘው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ጳውሎስ በሥጋው ስለ ተሸከመው የኢየሱስ ምልክት በሚናገርበት በገላ. 6፥17። ሶሲዮሎጂስቱ ኧርቪንግ ጎፍማን እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ቃል ለማኅበራዊ ነውር ወስዶ፣ ነውሩ ከተሸካሚው ወደሚቀርቡት ሰዎች ማለትም ወደ ሚስቱ፣ ወደ ወንድሙና ወደ ወዳጁ እንደሚጋባ አስረዳ። ሐኪሙም ከሚቀርቡት ሰዎች አንዱ ነው። የዓለም ሳይካትሪ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2010 በሳይካትሪ ሙያና በባለሙያዎቹ ላይ የሚደርሰውን መገለል ስለ መቋቋም መመሪያ እስከ ማውጣት መድረሱ ችግሩ የአንድ አገር እንዳልሆነ ያሳያል።

በእኛ ዘንድ ግን የራሱ ስም አለው፤ «የእብድ ሐኪም» ይባላል። የልብ ሐኪም ስለሆነ የልብ በሽታ ሳይኖርበት አይቀርም ብሎ የሚጠረጥር ሰው አላየሁም። የአእምሮ ሐኪሙን ግን «እሱንም ሳይነካው አይቀርም» ይሉታል፤ ከአህያ ጋር የዋለችው ጊደር ምን ተምራ እንደምትመጣ የሚናገረውን ተረት አንባቢ ስለሚያውቀው አልደግመውም። ይህን ዘርፍ የመረጠ የሕክምና ተማሪ ወላጆቹ «ይህን ሁሉ ዓመት ተምረህ ለእብድ?» ይሉታል። የሙያ ባልደረቦቹ እንኳ ቀዶ ሐኪሙን በሚያዩበት ዓይን አያዩትም፤ የሚያሳየው ራጅ የለው፣ የሚቆርጠው ዕጢ የለው። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይጠብቀዋል፦ «ለመሆኑ በአጋንንት መኖር ታምናለህ?»

አዲስ አበባ ያለው የአማኑኤል ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተ ሲሆን፣ ለብዙ አሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ነበር። ስሙን ለነገረ መለኮት ተማሪ መተርጎም አያስፈልግም፤ ኢሳይያስም ማቴዎስም ነግረውናል። ነገር ግን በከተማው አፍ «አማኑኤል» ማለት እብደት ሆኗል፤ «አማኑኤል ሳይወስዱህ!» መሳደቢያ ነው። እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ነው የሚለው ስም ሰውን ከእኛ ለማውጣት ሲውል መስማት ለጆሮ ይከብዳል።

እኔም ከተሳዳቢዎቹ አንዱ ነበርሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በእንግድነት በሰበክሁባት አንዲት አጥቢያ ስለ ጭንቀት ሳስተምር «እኛ አማኑኤል መሄድ አያስፈልገንም፤ አማኑኤል ራሱ እኛ ጋ መጥቷል» አልሁ። ጉባኤው ሳቀ፣ አሜንም አለ። ከአምልኮ በኋላ አንድ ወንድም ቀርበው እጄን ጨበጡኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የአእምሮ ሐኪም መሆናቸውን ነገሩኝ። በዚያች ቤተ ክርስቲያን ስድስት ዓመት ሲያመልኩ ስለ ሙያቸው የሚጠይቃቸውን ሁሉ «የውስጥ ደዌ ነኝ» እያሉ ኖረዋል። በቤት ለቤት ኅብረታቸው እውነቱን ለመናገር ቆርጠው የነበረው በዚያው ሳምንት ነበር። አልተቆጡኝም። «ስብከቱ ጥሩ ነበር፣ ያቺ ነገር ብቻ…» አሉና ሄዱ። ንግግሬን ከዚያው ምስባክ ላይ ለማረም ጠይቄ ነበር፤ ነገሩ ባይነሣ ይሻላል ተባልሁ።

የቀልዱ ዋጋ በአንድ ሰው ላይ ብቻ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ 70 ሚሊዮን ለሚጠጋው የአገሪቱ ሕዝብ የነበሩት ሳይካትሪስቶች 11 ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የሳይካትሪ ስፔሻሊቲ ትምህርት እስኪጀምር ድረስ፣ በዘርፉ መሠልጠን የሚፈልግ ሐኪም ወደ ውጭ መሄድ ነበረበት፤ ከሄዱትም ያልተመለሱ ብዙ ናቸው። ዛሬ ሥልጠናው ሰፍቷል፤ ደሴ ላይ እንኳ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሳይካትሪ ትምህርት ክፍል አለው። ባለሙያው አሁንም ከሕዝቡ ብዛት ጋር የሚመጣጠን አይደለም። የገንዘብና የፖሊሲ ምክንያቶች አሉ፤ ይሁን እንጂ አንድ ወጣት ሐኪም ዘርፉን ከመምረጡ በፊት የሚሰማው ቀልድም ከምክንያቶቹ አንዱ ነው፤ ከቀልዶቹም አንዳንዶቹ ከምስባክ የሚነገሩ ናቸው።

ለምን በሐኪሙ ላይ?

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ነውር የሚጋባው ከበሽተኛ ጋር በመዋል ብቻ ቢሆን ኖሮ አጥማቂው ካህንና የእኛ ጸሎተኛ ከሐኪሙ በበለጠ በተነወሩ ነበር፤ እነርሱ ከበሽተኛው ጋር ረጅም ሰዓት ይቆያሉ። እነርሱ ግን ይከበራሉ። ልዩነቱ ያለው ለበሽታው በሚሰጠው ስም ላይ ይመስለኛል።

ካህኑና ጸሎተኛው «መንፈስ ነው» ሲሉ ለቤተሰቡ የሚያጽናና ነገር ይናገራሉ፦ ጠላት ከውጭ መጣ፣ ልጁ ተጠቃ፣ ጠላት ሲወጣ ልጁ ወደ ቀድሞው ይመለሳል፣ ዘሩም ንጹሕ ነው። ሐኪሙ «ስኪዞፍሬኒያ ነው፤ መድኃኒቱን ለረጅም ጊዜ ይወስዳል» ሲል ቤተሰቡ የሚሰማው ሌላ ነው፦ በሽታው የልጁ ነው፣ ምናልባትም የዘር ነው፣ እህቱን የሚያገባ አይገኝም። ሐኪሙ ይህን ሁሉ አላለም፤ የሚሰማው ግን እንዲህ ነው። ደግሞም በካርድ ላይ ይጽፈዋል። ስለዚህ ሰው ሐኪሙን የሚሸሸው ነውሩን ስለሚፈውስ ሳይሆን ነውሩን ስለሚያትም ይመስለዋል፤ «ስቲግማ» በጥንቱ ትርጉሙ፣ ሐኪሙም ባለ ማኅተሙ ሆኖ ይታያል።

ቤተሰቡ የሚፈራው በከንቱ አይደለም። ቡታጅራ አካባቢ በ178 የሕሙማን ዘመዶች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት፣ ከመቶ 75ቱ በቤታቸው ባለው የአእምሮ ሕመም ምክንያት መገለል እንደሚሰማቸው፣ ከመቶ 37ቱም የዘመዳቸውን መታመም መደበቅ እንደሚፈልጉ አሳይቷል። ከመቶ 65ቱ ደግሞ የሚመርጡት መፍትሔ ጸሎት መሆኑን ተናግረዋል። የመጨረሻውን ቁጥር ሰምተን ደስ ሊለን ይችላል፤ ነገር ግን ከፊተኞቹ ሁለቱ ጋር አንድ ላይ ይነበብ። ጸሎት የሚመረጠው ከእምነት የተነሣ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ነውር የሌለበት በር እርሱ ስለሆነም ሊሆን ይችላል።

በእኛ ወገን ለሐኪሙ ያለን ጥርጣሬ ሌላም ምንጭ አለው። ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1927 ባወጣው መጽሐፍ ሃይማኖትን የምኞት ቅዠት አድርጎ ስላቀረበ፣ ሳይካትሪ የተባለ ሁሉ የእርሱ ልጅ መስሎ ይታየናል። ጄይ አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው የምክር አገልግሎት መጽሐፉ በአንጻሩ መጋቢዎች ምክርን ለሳይካትሪስት አሳልፈው መስጠታቸውን አጥብቆ ተቃወመ፤ የአእምሮ ሕመም ከሚባለው ብዙው በእርግጥ የኃጢአት ጉዳይ ነው አለ። አዳምስን በፍትሕ ካነበብነው በአንጎል ላይ የሚደርስ ሕመም የሐኪም ድርሻ መሆኑን አልካደም። ወደ ክፍሎቻችን በየማስታወሻው ተቆርጦ የደረሰው ግን ግማሹ ነው። ደሴ ላይ በቀን ብዙ ሕሙማን የሚያይ ባለሙያ ፍሮይድን ለመጥቀስ ጊዜ የለውም፤ የሚጠይቀው ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ፣ ስለሚሰማ ድምፅ፣ ራስን ስለ ማጥፋት አሳብ ነው።

ማርቆስ 3፦ ፈዋሹ ራሱ ሲከሰስ

በማር. 3፥20–35 ወንጌላዊው የሚወደውን የአጻጻፍ ስልት እናገኛለን፤ አንዱን ታሪክ በሌላው መካከል ያስገባል። መጀመሪያ የኢየሱስ ሰዎች ሊይዙት ይወጣሉ (ቁ. 21)፣ መካከል ላይ ከኢየሩሳሌም የወረዱ ጻፎች ይከሱታል (ቁ. 22–30)፣ በመጨረሻ እናቱና ወንድሞቹ ደርሰው በውጭ ይቆማሉ (ቁ. 31–35)። በቁ. 21 ያለው «ኤክሴስቴ» የሚለው ግስ ቃል በቃል ከራሱ ወጣ ማለት ነው፤ በእኛ ቋንቋ አበደ። ይህን ያሉት ዘመዶቹ ናቸው ወይስ ሰዎች ሲሉ ሰምተው ነው የወጡት የሚለው በሊቃውንት ዘንድ ያከራክራል፤ የወጡት ግን ሊይዙት ነው። «መያዝ» የሚለው ግስ በምዕራፍ 14 ሊያስሩት የመጡት ሰዎች ካደረጉት ጋር አንድ ነው።

ቤተሰቡ አብዷል ይላል፤ ጻፎቹ ብዔል ዜቡል አለበት ይላሉ። ሁለቱ ክሶች አንድ ቀን በአንድ ሰው ላይ የወደቁት ለምንድን ነው? ማርቆስ ከጅምሩ የነገረን ኢየሱስ በየምኵራቡ ርኩስ መንፈስ ካለባቸው ሰዎች ጋር እንደሚገናኝ ነው (1፥23–27፤ 1፥39፤ 3፥11)። ከእነርሱ ጋር ስለዋለ የእነርሱ ስም ተሰጠው። ዮሐንስም ሁለቱን ክሶች በአንድ ዓረፍተ ነገር አጣምሮ ያስቀምጣቸዋል (ዮሐ. 10፥20)። እንግዲህ «የእብድ ሐኪም ራሱ እብድ ነው» የሚለው ነገር አዲስ አይደለም፤ መጀመሪያ ከተባለባቸው አንዱ ጌታችን ነው።

ኢየሱስ ለጻፎቹ ሲመልስ ስለ ራሱ ክብር አልተከራከረም፤ ሰይጣን ሰይጣንን እንዴት ያወጣል ብሎ ወደ ሥራው ጠቆመ። ከዚያ በመንፈስ ቅዱስ ላይ ስለሚነገር ስድብ የሚያስጠነቅቀውን ከባድ ቃል ተናገረ፤ ማርቆስም ምክንያቱን በቁ. 30 ይነግረናል፦ ርኩስ መንፈስ አለበት ስላሉት ነው። ይህን ክፍል ወስጄ በሐኪም የቀለደ ሁሉ የማይሰረይ ኃጢአት ሠራ ልል አይደለም፤ ክርስቶስ ክርስቶስ ነው፣ ሐኪም ሐኪም ነው። የምለው፣ ማስጠንቀቂያው የተነገረው ለሃይማኖት መምህራን ነው፤ የሰውን መፈታት አይተው የፈታውን ለመጠርጠር ለቸኮሉ፣ ከዋና ከተማ ለመጡ፣ መጻሕፍትን ለሚያውቁ። እኔና እናንተ በዚህ ታሪክ ውስጥ ለማን እንደምንቀርብ አንባቢ ይፍረድ።

በምዕራፍ 5 ደግሞ ነገሩ አንድ እርምጃ ይሄዳል። በመቃብር ይኖር የነበረው፣ በሰንሰለት ታስሮ የነበረው ሰው ለብሶ፣ ልቡም ተመልሶ ተቀምጧል። የአገሩ ሰዎች ይህን ባዩ ጊዜ ፈሩ፤ ፈዋሹንም ከአገራቸው እንዲሄድላቸው ለመኑት (5፥15–17)። በሽተኛውን በመቃብር ታግሠውት ኖረዋል፤ ያልታገሡት ያዳነውን ነው።

«አጋንንት የሉም እያልህ ነው?»

አይደለም። ይህን ጥያቄ በክፍል ውስጥ በየዓመቱ እሰማዋለሁ፤ የሚጠይቁት ተማሪዎች ከልባቸው ስለሆነ በቀላል መመለስ አይገባም። ማቴ. 4፥24 ወደ ኢየሱስ የመጡትን ሲዘረዝር በልዩ ልዩ ደዌ የታመሙትን፣ አጋንንት ያደሩባቸውን፣ በጨረቃ የሚነሣባቸውንና ሽባዎችን ለየብቻ ይጠራቸዋል። ወንጌላዊው ሁሉን በአንድ ስም አልጨፈለቀም። ነገር ግን ሐቀኛ ለመሆን ማቴ. 17፥14–18ንም ማንበብ አለብን፤ በዚያ በጨረቃ የሚነሣበት ልጅ የዳነው ጋኔኑ ሲገሠጽ ነው። ስለዚህ መጽሐፍ ቅዱስ በምልክት ብቻ የሚለይ ሠንጠረዥ አልሰጠንም። ሠንጠረዥ ከሌለን ደግሞ መለየትን ብቻችንን የምንይዝበት ምክንያት የለም። በጸሎት የሚለየውና በምርመራ የሚለየው በአንድ በሽተኛ አልጋ አጠገብ አብረው ቢቆሙ ማን ይጎዳል? ጸሎት መድኃኒት እስኪጣል የሚጠብቅ ነገር አይደለም።

የኦርቶዶክስ ወንድሞቻችን በቅዱሳት መጻሕፍታቸው በሚቆጥሩት በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን ስለ ማክበር፣ ጸሎትንና መድኃኒትንም ስለ ማጣመር የሚናገር ክፍል አለ። ለእኛ ቀኖና ባይሆንም በዚህ ጉዳይ ላይ ከእነርሱ ጋር ለመነጋገር የሚረዳ በር ነው፤ በወሎ ምድር ስንኖር እንዲህ ያሉ በሮች ያስፈልጉናል።

ከደሴ ወጣ ብሎ ቦሩ ሜዳ አለ። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ የተማረ ሁሉ በ1870 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን በተደረገው የሃይማኖት ጉባኤ ያውቀዋል። እዚያ ያለው ሆስፒታል ግን በሌላ ነገር ይታወቃል፤ የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚታከሙበት ቦታ ነበር። በዚያ ዘመን ሥጋ ደዌ የነካ ሰው ይፈራ ነበር፤ ያከመው ሰውም አብሮ ይፈራ ነበር። ዛሬ የሥጋ ደዌ ሐኪምን «ዘሩ የተበላሸ» የሚል የለም፤ ወንጌላውያንም በየጽሑፋችን የሥጋ ደዌ አገልጋዮችን እንደ ምሳሌ እናነሣለን። የአእምሮ ሐኪሙን ለማንሣት ግን ጊዜው ገና የሆነ ይመስላል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና አካባቢዋን ካለፈባቸው በኋላ እንቅልፍ ያጣ፣ የሚባንን፣ የሞተበትን ሰው ድምፅ የሚሰማ ምእመን በየአጥቢያችን እያለ።

ከአገልጋይ የሚጠበቀው ብዙ አይደለም። የሕሙማን ጉብኝት ፕሮግራማችሁን ተመልከቱ፤ ቀዶ ሕክምና ክፍል እንገባለን፣ ወሊድ ክፍል እንገባለን፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍሉን በር ግን አልፈነው እንሄዳለን። በውስጡ ያለው በሽተኛ ያያል፤ ባለሙያውም ያያል። ስለ ጤና ባለሙያዎች ስትጸልዩ የእነርሱን ዘርፍ በስሙ ጥሩት። በጉባኤያችሁ አንድ ካለ፣ ፈቃዱ ሆኖ ሙያውን ሳይደብቅ እንዲያስተምር ጋብዙት፤ ያልፈቀደ እንደሆነ አትግፉት፣ የሚከፍለውን ዋጋ እርሱ ያውቀዋል። ከሁሉ በፊት ግን ማንንም «በእምነት መድኃኒትህን ጣል» አትበሉ። መድኃኒቱን በድንገት ያቋረጠ በሽተኛ ሕመሙ ሲመለስበት የሚወቀሰው ሐኪሙ ነው፤ «መድኃኒቱ አልሠራም» ይባላል፣ ነውሩም አንድ እጅ ይጨምራል።

ያን ቀልዴን የሰሙትን ሐኪም ቆይቼ ፈልጌ አገኘኋቸውና መጋቢዎች ብናውቅ የሚሉት ነገር ምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ስለ ክብራቸው ይነግሩኛል ብዬ ነበር፤ የነገሩኝ ስለ ጾምና ስለ አዳር ጸሎት ነው። ባይፖላር ያለበት ሰው ለተከታታይ ሌሊቶች እንቅልፍ ሲያጣ ሕመሙ ሊቀሰቀስበት ይችላል፤ እኛ እሳት ወረደበት ስንል እርሱ እየታመመ ሊሆን ይችላል። ሊቲየም የተባለውን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ውኃ ሳይጠጣ ለቀናት ቢጾም መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ተከማችቶ ሊመርዘው ይችላል። ስለዚህ የጾም አዋጅ ከመታወጁ በፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሁሉ ሐኪማቸውን እንዲያማክሩ ከምስባክ ይነገር አሉኝ። ደግሞም አንድ ምእመን መሞት እንደሚሻለው ሲናገር ከሰማን፣ ጸልየን ወደ ቤቱ ብቻውን እንዳንልከው፤ ሰው አብሮት ይሁን፣ በዚያው ቀንም ወደ ሕክምና ይወሰድ።

ማስታወሻ እየያዝሁ ሳለ ንግግራቸውን አቁመው ሲያዩኝ ቀና አልሁ። በሙያቸው በቆዩበት ዘመን ሁሉ ይህን ጥያቄ ከአገልጋይ ሲሰሙ የመጀመሪያቸው እንደሆነ ነገሩኝ።